ለእኔ ቁመት የተሠራችው ሞተር

ለወንድሜ ለድራጎ፣ አውስትራሊያ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ባለቤቴ ሲልቮ የአባታችንን አሮጌ ባለፔዳል ሞተር እንደ አዲስ ሠራት። ካርቡራተሯን አጠበ፣ ቀይ ቀባት፣ ቅርጫት ገጠመላት። መቀመጫዋን ግን ለእኔ ቁመት ዝቅ አደረገው።

"አንተስ እንዴት ልትነዳት ነው?" ስለው፣ "ዝም ብለሽ ውጪባት፣ ፈሪ!" ይለኛል። ቤንዚንና ዘይት መቀላቀሉን፣ ካንዴላ ማጽዳቱን ሁሉ አስተማረኝ። ለምርመራ ሄዶ ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ግራ ገብቶኛል። "ሐኪሙ ምን አለህ?" ስለው፣ "ፍሬኑን ያዢ!" ይላል።

ትናንት ብቻዬን ኮፐር ከተማ ገበያ ድረስ ነድቼ ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ። ሲልቮ አጥሩን ተደግፎ ሲጠብቀኝ ደረስኩ። "በቃ፣ አሁን ችለሻል" አለኝና፣ ዓሣውን እንኳ ሳይቀምስ ገና በእኩለ ቀን ገብቶ ተኛ።

ለገና እመጣለሁ ብለህ ነበር። ከዚያ ቀደም ብለህ፣ በመስከረም ለወይን ለቀማው ብትደርስልን ምን ይመስልሃል? ልጆቹን ሳምልኝ፤ እግዜር በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ዝቮንካ