እጄ ሲደርቅ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም ያው። ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ፋብሪካው፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የእጄ ላብ። ስድስት ኮሌታ አበላሸሁ። ሱፐርቫይዘራችን ፈለቀች አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሉዋምዬ፣ ከነገ ጀምሮ ጥቁር ሱሪ ላይ ብትሆኚስ?" አለችኝ። አዲሱ መካኒክ ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ "ታጥቤ ነው" ብዬ አንጓዬን ሰጠሁት። በቀን ስንቴ ነው የምታጠበው?...

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
መድኃኔዓለም አካባቢ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ቅባቱም ክኒኑም እንዳልሠራልኝ ነገርኳቸው። ዶክተር እዝራ በብብት በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብተው እጅን የሚያልበውን ነርቭ እንደሚቆርጡ አስረዱኝ። "እጅሽ ይደርቃል። ላቡ ግን ወደ ጀርባሽ ሊዞር ይችላል። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ መመለስ የለም። አስቢበት።"
መመለስ የለም... ፈራሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ምሳ ላይ ነገርኳቸው። እማዬ "ያማል?" ብቻ አለች። አባዬ ምሳውን ትቶ ተነሣ።
"በላብ የሞተ ሰው አለ? ጤነኛ ደረት ለላብ ተብሎ ይበሳል?"
"አባዬ፣ እንደ ሰው መጨበጥ እፈልጋለሁ።"
"ሳትጨብጪ ኑሪ!" ብሎ ወጣ።
እሱ ምን አለበት?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ
ወሰንኩ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ተደረገ። ስነቃ ደረቴን ያመኛል፣ ጉሮሮዬ ቆስሏል። እጄን ጉንጬ ላይ አደረግኩት። ደረቅ። ሙቅ። አለቀስኩ። እማዬም አለቀሰች። አባዬ "ሥራ አለኝ" ብሎ ቀረ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ
ፈለቀች ወደ ነጭ ሸሚዝ መለሰችኝ። አንድም ኮሌታ አላበላሸሁም። ግን ዶክተሩ ያሉት ደረሰ፤ ጀርባዬ ይንቆረቆራል። በቀን ሦስት ካናቴራ እቀይራለሁ። ተጸጸትኩ? ታክሲ ውስጥ ወንበሩን ስደገፍ፣ አዎ። ሥራ ላይ፣ በፍጹም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ
ከአባዬ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አስፋልቱን ልንሻገር ቆምን። መኪናው ፋታ አይሰጥም። ሳላስበው እጁን ያዝኩት።
እርጥብ ነው። እንደኔ... እንደ ድሮዬ።
ክው አልኩ። "አባዬ... አንተም?"
መኪኖቹን እያየ "ከልጅነቴ" አለ።
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ምን ብዬ? ከእኔ ነው የወረስሽው ልበልሽ?"
ልጅ ሆኜ እጄን ይዞ ሲያሻግረኝ፣ ያ ሁሉ ላብ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሊያስለቅቀኝ ሞከረ። አልለቀቅኩትም። ማዶ ደርሰንም አልለቀቅኩትም።