ሰዓቱ የሳለው ማሳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወረታ

ሩጫ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ሰዓት መምረጡ ግን ከሩጫው በላይ አደከመኝ። ርካሹ እርምጃ ብቻ ይቆጥራል፤ ውዱ ከሳተላይት ጋር ተገናኝቶ የሮጡበትን መንገድ ይስላል። ሳልገዛ እንድሞክረው ብሎ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የራሱን አዋሰኝ። ምነው ባላዋሰኝ!

ዛሬ ጠዋት አስሬው ወደ ቁሐር ሚካኤል ወጣሁ። አንድ የሩዝ ማሳ ዙሪያውን ሮጬ ስጨርስ አንድ አዛውንት ማጭዳቸውን እንደያዙ መንገዴን ዘጉት።

«ማን ላከሽ? መሬቴን ለምን ትለኪያለሽ?»

«ኧረ አባቴ፣ ሩጫ እየተለማመድኩ ነው» አልኩና፣ እንዲያምኑኝ ሰዓቱን አሳየኋቸው። ማሳቸው ከነቅርጹ ተስሎ ቁጭ ብሏል።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ ወደ ውስጥ በገባው ጎን አሳርፈው፣ «ይኸን ወንድሜ ነው የገፋኝ። ነገ ሽማግሎች ድንበሩን ሊያዩ ይመጣሉ። ይኸን ይዘሽ መጥተሽ ትመሰክሪልኛለሽ» አሉ።

ወንድማቸው ከድንበሩ ማዶ ማጨዱን ትቶ ቆሞ ያየን ነበር።

ርካሹን እገዛለሁ፤ በቃ፣ ወስኛለሁ። ግን አዛውንቱ ስሜንና የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወንድምየውም ሰምቷል።