ለአንድ ቤት አንድ አንቴና

ሰኞ
የቀበሌ ሰዎች ሁለተኛዋን አንቴና አወረዷት። ከክፍል ስመለስ ሽቦው ተጠቅልሎ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ጣሪያቸውን የፈቀዱልኝ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ፣ "ልጄ፣ ምን ላድርግ? የማነው አሉኝ፤ የመምህሩ ነው አልኳቸው" አሉ። አልተቀየምኳቸውም። ከአንቴናዋ ጋር በተያያዘው ሳጥን ላይ በትልቁ "መቀበያ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑንም ወስደውታል።

ማክሰኞ
ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ላምቢሶ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣
"የሚቀበሉት ከማን ነው?" አሉኝ።
"ከፀሐይ።"
"ፀሐይ ምን ትልካለች?"
"የሬዲዮ ሞገድ። እኔ አልልክም፤ እሰማለሁ ብቻ።"
በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ "እኛ እንኳ ፀሐይን የምንቀበለው በመላጣችን ነው" አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዘግይቼ።
ውሳኔ፦ ለአንድ ቤት አንድ አንቴና። ከፀሐይ መቀበሌን እስከ ዓርብ ካላሳየሁ እሷም ትወርዳለች፤ ሳጥኑም ይወረሳል።

ረቡዕ
ውጭ አገር ሳለሁ የማጠናው ፐልሳርን ነበር፤ እንደ ልብ ምት ሳያዛንፍ የሚመታ ኮከብ። እሱን የሚሰማ ትልቅ አንቴና አዋሳ የለም። ስለዚህ ፀሐይን ያዝኩ። አንድ አንቴና ድምፅ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ በትክክል ለማወቅ ሁለት ያስፈልጋል። የሁለቱ ሞገድ ሲገናኝ አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጠፋፋል።
ይህን ከማን ጋር ልነጋገር? በማስተምርበት የእርሻ ኮሌጅ ውስጥ ስለ በቆሎ የሚያወራ ሰው ሞልቷል።
እራት፦ ዳቦና ሻይ።

ኀሙስ
ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለት ነበረች፦ አንዷ ሰማይ ላይ፣ አንዷ ውኃው ላይ። ቆሜ ቀረሁ። ዓሣ የሚሸጡ አንዲት ሴት፣ "መምህር፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ።
ውኃ የሬዲዮ ሞገድንም እንደ መስተዋት ይመልሳል። አንዷን አንቴና ከፍታ ላይ ካቆምኳት አንዱን ሞገድ ከፀሐይ፣ ሌላውን ከሐይቁ ትቀበላለች። ሁለተኛዋ አንቴና ሐይቁ ነው። ከመመሪያው አልወጣሁም።
በቀጥታ ቀበሌ ሄድኩ። ነገ ሐይቁ አጠገብ ያለው ታቦር ተራራ ላይ መጥተው ይዩ አልኳቸው።
"ፀሐይ ከሆነች፣ ስትጠልቅ ሳጥንዎ ዝም ማለት አለበት" አሉ ጓድ ላምቢሶ።
"ይላል።"
"ካላለስ?"


ዓርብ
ባትሪውን እኔ፣ ሳጥኑን ጥበቃው፣ አንቴናዋን ጓድ ላምቢሶ ተሸክመን ወጣን። የሳጥኑን የመለኪያ መርፌ እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ።
"ወጣች። ወረደች። ደግሞ ወጣች። ምን ነካት?"
"ሐይቁ ነው።"
ፀሐይ ጠለቀች። መርፌዋ ተኛች። ብንጠብቃትም አልተነሳችም።
"ዝም አለች" አሉ ቀስ ብለው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚነገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነው የምትሰማው?" አሉኝ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።
አንቴናዋም ሳጥኑም ተረፉ። የእትዬ ብርቄን ጣሪያ ነገር አላነሳሁም።

ቅዳሜ
ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ደነገጥኩ። ጓድ ላምቢሶ ናቸው፤ ያለ ጥበቃ።
"ከፀሐይ ሌላ እንግዳ ትቀበላለህ?"
ቤቴ ያለው አንድ ወንበር ነው። ለእሳቸው ሰጥቼ እኔ ባትሪው ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆዩ። ለሥራ ይምጡ ለወግ፣ እስካሁን አልለየሁም። ነገ ግን ሌላ ወንበር እፈልጋለሁ።