የሦስተኛው ከረጢት ቅጠል

እኔ አልታየች አምባቸው፣ የመሪጌታ አምባቸው ልጅ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ዛሬ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በመካነ ሰላም፣ በገዛ ቤቴ ተኝቼ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ ልቡናዬ ግን አልከዳኝም። ማስረጃው ጸሐፊው በላይ እዚህ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ መሳሳቱን ከአልጋዬ ሆኜ ማረሜ ነው።

አንደኛ። ከቤቱ በላይ ያለው የገብስ መሬት ለልጄ ለወርቂቱ ይሁን። አቀስታ ድረስ ተድራ ሄዳ፣ ክረምት ከበጋ እየተመላለሰች የጠየቀችኝ እሷ ናት።

ሁለተኛ። ቤቱ፣ በሬዎቹና የታችኛው መሬት ለበኩር ልጄ ለአሻግሬ ነው። ዳዊቴንም ይውሰድ፤ ሲከፍተው ግን እጁን ይታጠብ።

ሦስተኛ። አሻግሬ ሳምንቱን ሙሉ ከራስጌዬ ተቀምጦ "እማዬ፣ የሥሩን ስም መቼ ነው የምትነግሪኝ?" ሲለኝ ሰነበተ። መድኃኒት ለበኩር ልጅ በጆሮ እንጂ በጽሑፍ አይተላለፍም። ስለዚህ የዶሮ ፈንግል የምመልስበትን ሥር ስሙን ዛሬ ጠዋት በጆሮው ነግሬዋለሁ። ደስታው ሳይበርድ ቀጥሎ ያለውን ይስማ፤ ይህን ኑዛዜ ያስጻፍኩት ስለ መሬቱ ብዬ አይደለምና።

ፊደል በአለንጋ ያስቆጠረኝ አባቴ ሌላ ልጅ ስላልነበረው መድኃኒቱን ለእኔ አወረሰኝ። "ሥሩን ብቻውን አትቀቅዪ፤ ጎረቤት ያውቅብሻል። ማወናበጃ ቅጠል ጨምሪበት" አለኝ። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ከጎረቤቴ ከኑርጃን አጥር እምቧጮ እየቆረጥኩ ስጨምርበት ኖርኩ። አላስፈቀድኳትም። ልጅ ሁሉ እያኘከ የሚተፋው ነገር ፈቃድ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም።

መድኃኒቱንም በዘፈቀደ አልሰጠሁም። ፈንግል በገባ ቁጥር ዶሮዎቼን እኩል እከፍላለሁ፤ ለግማሾቹ አጠጣለሁ፣ ግማሾቹን እተዋለሁ፣ የሞተውን በመዝገብ እጽፋለሁ። ያልጠጡት ሲያልቁ ከጠጡት የሚበዙት ይተርፉ ነበር። ኑርጃን ከአጥሩ ማዶ ሆና "እትዬ አልታየች፣ እነዚያኞቹ ምን በድለዎት ነው?" ትለኝ ነበር።

በ፲፱፻፶፪ ፈንግል ሰፈሩን ሲጨርስ ከኑርጃን ዶሮዎች አንዲትም ሳትሞት ቀረች። ሥሬን ቆፍራ ሰርቃለች ብዬ ሽማግሌ ፊት አቆምኳት። "ወላሂ፣ እርስዎ ከአጥሬ ሲቆርጡ አይቼ እምቧጮውን ብቻ ቀቅዬ ነው ያጠጣኋቸው" አለች። "እምቧጮ ፈንግል ከመለሰ እኔም ጳጳስ እሆናለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም።

አራተኛ። አምና የዕፅዋት መድኃኒት የሚመረምር ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ "ድብልቅ አልቀበልም፣ ለየብቻ ይስጡኝ" አለኝ። የዕፅዋቱን ስም አልነገርኩትም። በሦስት ከረጢት ላይ ቁጥር ጽፌ ሰጠሁት፦ በአንደኛው ሥሩን፣ በሁለተኛው የሥሩን ልጥ፣ በሦስተኛው ሰውዬውንም ለማወናበድ እምቧጮውን። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። የእያንዳንዱን ጭማቂ የፈንግል ቫይረስ ባስገቡበት፣ ጫጩት በጀመረ እንቁላል ውስጥ ሞክረውታል። ለማመሳከሪያም እንደ እኔ ግማሹን እንቁላል ያለ መድኃኒት ትተዋል፤ በዚህ አመስግኛቸዋለሁ። ቁጥር አንድ ምንም አላደረገም። ቁጥር ሁለትም እንዲሁ። ቁጥር ሦስት ቫይረሱን ገትቶታል። "ሙከራው ይደገማልና ከቁጥር ሦስት ጨምረው ይላኩልን፤ በመዝገባችን የምንጽፈውን የአዋቂውን ስምም ይግለጹልን" ይላል። አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስሕተት ያገኘሁት በአድራሻው ላይ ብቻ ነው።

አሻግሬ ይህን ሲሰማ "ታዲያ እኔ የወረስኩት ምንድን ነው?" አለ። ቁጥር አንድን ነው፣ ልጄ። ቢሆንም ምስጢሩን ጠብቅ፤ የአያትህ ነው።

አምስተኛ። የአርባ ዓመት የዶሮ መዝገቤ ለኑርጃን ይሰጥ። የአዋቂው ስም ተብሎ ለአዲስ አበባ የሚጻፈው የእሷ ስም ነው። ሽማግሌ ፊት ሌባ ብያታለሁና ምስክር ፊት ይቅር ብላ አውፍ ትበለኝ፤ ይህን ተሸክሜ መሞት አልፈልግም። የሚወርስ ሰው ምስክር ስለማይሆን፣ ኑርጃን ከምስክሮቹ ተለይታ በሩ አጠገብ እንድትቀመጥ አስጠርቻታለሁ።

ይህ ሲነበብ ኑርጃን ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። በላይ "ፊቷን አዞረች ብዬ ልጻፍ?" አለኝ። ጻፍ አልኩት።

መለስ ብላ "እትዬ፣ አርባ ዓመት አጥሬን ሲቆርጡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም" አለች።

እውነቷን ነው። ስለዚህ በአራት ምስክር ፊት፣ "ኑርጃን፣ ለአዲስ አበባ የሚላከውን እምቧጮ ከአጥርሽ ላስቆርጥ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ያስቆርጡ። አውፍ ብያለሁ" አለች። "ግን ፈንግል ኩታበር ገብቷል ይላሉ። ወደ እኛ ከመጣ ዘንድሮ ለሁሉም ዶሮ ያጠጡ።"

ስድስተኛ። ዘንድሮ ለሁሉም ይሰጥ። መዝገቡ ይበላሻል፤ ይበላሽ።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ፣ ሦስት ቦታ አሳርሜ በእጄ ፈርሜያለሁ። አልታየች አምባቸው።

ሲነበብ ሰምተን የፈረምን ምስክሮች፦ ፈንታው ካሳ፣ ሷሊህ አብዱሰላም፣ ዘይነባ ሱሌማን፣ አበቡ አሻግሬ (የጎረቤት ልጅ እንጂ የልጄ ልጅ አይደለችም፤ በላይ ይህን አስገባ)።

ጸሐፊ፦ በላይ ፈንታው። የታረመው በትእዛዝ ነው።