ሁለት ልጅ፣ አንድ የዝናብ ጃኬት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ልጆቹ ዛሬ ሽንት ቤት ዘጠኝ ጊዜ ሄዱ። በእትዬ ዘነበች ቆጠራ ግን ዘጠኙንም የሄደችው ቤዛ ናት።

አከራያችን እትዬ ዘነበች የሚያውቁት ቤዛን ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ቤቱን ልናይ ስንመጣ «ልጅ ስንት ነው መምህር? ከአንድ በላይ ከሆነ አላከራይም፤ ሁለት ልጅ ግቢ ያፈርሳል» አሉኝ። ደላላው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ካዛንቺስን ከላይ እስከ ታች ስንዞር ሁለት ባልኩበት ሁሉ በር ተዘግቶብኛል። «አንድ» አልኩ። ትንሿ ሶሊ ያኔ ቄራ አያቷ ጋ ስለነበረች ግማሽ ውሸት ብቻ መስሎኝ ነበር። አማቴ የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ድንገት አገር ቤት ሄዱ። እኔም ቅዳሜ ሶሊን በጋቢ ጠቅልዬ አስገባኋት።

ቤዛ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሶሊ ስድስት ሊሞላት ነው። ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ኮፍያ ያለው አንድ ቢጫ የዝናብ ጃኬት አለን፤ የወጣችው ትለብሰዋለች። ይህ ክረምት ለዚህ እንኳን ጠቀመን።

ሚስቴ ሰብለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። በጠዋት ወጥታ አሥር ሰዓት ትመለሳለች። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ እስከ መስከረም ዕረፍት ላይ። ዕረፍት ይሉታል!

የተከለከለ፦ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ኳስ፣ ዘፈን፣ ሁለቱም አንድ ላይ መሳቅ።
የተፈቀደ፦ በእንቁላል ካርቶን ገበጣ፣ ሥዕል፣ እቃቃ፣ ፍራሽ ላይ ቅልብልቦሽ።

የተፈቀደው በሙሉ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ፍልሰታ ይባረክ። እትዬ ዘነበች ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን ተከናንበው ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው የሚመለሱት። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም። የውጭው በር ሲዘጋ ሰማንና ሦስታችንም አበድን። የሱዚውን ላስቲክ አንድ ጫፍ ወንበር ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ። ቤዛ ብብት ደረሰች። እኔም ተራዬ ደርሶኝ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲስቁ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ሶሊ አልጋ ሥር ገባች። እትዬ ዘነበች ጆግ ይዘው ቆመዋል።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ ደህና ናት? ጠዋት ብቻ አምስቴ ሽንት ቤት ስትሄድ አየኋት እኮ። ስኳር እንዳይሆን! አብሽ ነው፣ ታጠጣው።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው እምቢ አሉ። መድፋት ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ጆጉን ሙሉ እኔው ጠጣሁት፣ እስከ አተላው። ለውሸቴ ንስሐ ይሁንልኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

መጥፎ ቀን።

ጠዋት እቃቃ ይጫወታሉ፣ እኔ ሽሮ አማስላለሁ። ቤዛ ሥራ ታከፋፍላለች። እሷ እናት፣ ትራሱ አባት። «አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት።

ሶሊ ትንሽ አሰበችና «እኔ የሌለችው ልጅ ልሁን። አልጋ ሥር ሆኜ እጫወታለሁ» አለች።

አልከፋትም፤ እንደ ጨዋታ ነው ያለችው። እውነትም ገባች፤ ቤዛም በቆርኪ ምሳ አቀበለቻት። እኔ ግን ሽሮውን አሳረርኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ዘነበች ሄዱ። «ጩኹ!» አልኳቸው። ቤዛ ጮኸች። ሶሊ በሹክሹክታ አወራች። ማንም የለም ብላት ቀና ብላ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በአራት ቀን ውስጥ ልጄን አጠፋኋት። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ለሰብለ ስነግራት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «በዚህ ዝናብ ዕቃ ተሸክመን የት ልንገባ ነው? እስከ መስከረም ቻለው በቃ። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ እማዬም ትመለሳለች።»

ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ልጅ መውለድ በዚህ ከተማ ከመቼ ጀምሮ ነው እንደ ሌብነት የሚደበቀው?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

በቅዳሴ ሰዓት የድምፅ ትምህርት ሰጠሁ። ክር በሁለት የቲማቲም ጣሳ መካከል ወጥሬ ስልክ ሠራሁ። አንዷ በር ላይ፣ አንዷ መስኮት ላይ። ድምፅ በክሩ እንዴት እንደሚሄድ አስረዳሁ። የአሥረኛ ክፍል ልጆች እንዲህ አፍጥጠው አዳምጠውኝ አያውቁም። ሶሊ በጣሳው ውስጥ ስሟን እንድትጮህ ለመንኳት። ሹክ አለች። ቤዛ «አይሰማም!» አለቻት። ደግማ ሹክ አለች።

የቤዛ የፊት ጥርስ እየተነቃነቀ ነው። ቀኑን ሙሉ በምላሷ ስትገፋው ዋለች። ለዛሬ ትልቁ መዝናኛችን እሱ ነበር።

አርብ፣ ነሐሴ 9



አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጥርሱ ወለቀ። ሰብለ ገና መግባቷ ነው። እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል፣ ያውም ሳያድር። ካደረ ጠማማ ይበቅላል ትል ነበር እናቴ። ፊዚክስ አስተምራለሁ እንጂ በዚህስ አልከራከርም። ሰብለ ጃኬቱን አነሳችና «ቤዚ፣ አንቺ ብቻ ቶሎ ወርውረሽ ነይ» አለች።

«ሶሊ ካላየች አልወረውርም!»

ሶሊ እህቷን ልታባብል «እኔ እኮ ከመስኮቱ ሥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ» አለቻት።

በቃ። ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። ጃኬቱን ከሰብለ እጅ ተቀብዬ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ካፊያ ነበር። አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዤ ወጣሁ። ሰብለ «ተው አንተ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ግን እሷም በነጠላ ጫማ ተከተለችን።

ቤዛ ጥርሷን ስማ ወረወረች። ቆርቆሮው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ቀረ። እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ።

«መምህር፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የእኔ ናት። ሁለት ልጆች አሉኝ እትዬ። ዋሽቼዎታለሁ፤ ለውሸቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለልጄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

 ሰፌዳቸውን መሬት አስቀመጡ። «አብሹን የቷ ጠጣችው?»

«እኔ።»

አልሳቁም። ሰፌዳቸውን አንስተው ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። ሰብለ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች። አልተጣላችኝም፤ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ፈርቻለሁ። ግን አልተጸጸትኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

እትዬ ዘነበች ከጠዋቱ ቅዳሴ ሲመለሱ ቀጥታ ወደ እኛ በር መጡ። ገና ሲያንኳኩ ሶሊ አልጋ ሥር ገባች። ማንም ተደበቂ አላላትም፤ እግሯ ለምዷል።

«ትንሿስ?» አሉ።

አልጎተትኳትም። መሬት ላይ ተኝቼ ፊቷን ፈለግሁና «ነይ የኔ እናት፣ አንቺን ነው የሚጠሩት» አልኳት። ፀጉሯ አቧራ ለብሶ ወጣች። እትዬ ዘነበች ያን አቧራ አዩት። ከዚያ አልጋውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ስምሽ ማነው?»

ሶሊ ሹክ አለች።

«አልሰማሁም ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

ወደ እኔ ዞረች። ፈቃድ ነው የምትጠብቀው። ስሟን ለመናገር! ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ሶልያና!»

የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። ቤዛ ከኋላዬ አጨበጨበች፣ ሰብለ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። እትዬ ዘነበች የሶሊን ፀጉር በነጠላቸው ጫፍ አራገፉላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «አንተን ገና አልጨረስኩህም። የቤቱን ነገር ከፍልሰታ በኋላ እንነጋገራለን» ብለውኝ ሄዱ።

ስድስት ቀን አለን። ሻንጣው ገና ወለሉ ላይ ነው፤ «ልብሱን ገና አታውጪው» ብላትም ሰብለ አልሰማ ብላ ግማሹን አውጥታለች። አሁን ሁለቱም ደጅ ናቸው፣ በጭቃ እየተጨማለቁ፤ ማን መጀመሪያ እንደገፋ እየተጨቃጨቁ ነው። ሶሊ እየጮኸች ነው፤ ዝም በይ አላልኳትም።

ውጡ ካሉን እንወጣለን። የሚቀጥለው አከራይ ስንት ልጅ አለህ ሲለኝ ግን ሶሊን ከፊቴ አቆማታለሁ፤ መልሱን እሷው ትናገራለች።