የሰው ንስሐ ተሸክሜ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አላመንኳትም። ጎረቤቴ ስንዱ ደግ ወሬ ይዛ መጥታ አታውቅም። ለማኅበሩ የጠነሰስኩትን ጠላ እየከደንኩ ሳለ አጥሩን ተደግፋ፣ «አንቺ ዘውዴ፣ ያ መምህር ተከራይሽ ከወንድ ጋር ነው የሚያድረው። ቤትሽን ሰዶም አደረገው እኮ!» አለችኝ።

ጓደኛው ቅዳሜ ከሮቢት ይመጣል፤ እሑድ ይመለሳል።

«አይተሻል?» አልኳት።

«ማየት ምን ያደርጋል? ሁለተኛ አልጋ የለው!»

ዓርብ ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትወስደው ስንዱ ናት። እስከዚያ መምህሩን ካላስወጣሁ ጽዋውን ከእጄ እንደማትቀበል፣ ለፖሊስም እንደምትናገር ነገረችኝ።

ከሄደች ወዲህ የመምህሩን በር ሳይ ዋልኩ። ሁለት ብርጭቆ። ገመዱ ላይ ሁለት ፎጣ። አንድ አልጋ፤ እሱንም ያከራየሁት እኔው። ምን ነክቶኝ ነው ፎጣ የምቆጥረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዘሌዋውያንን ከፈትኩ። ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ነው፤ አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ለምን እንደተማርኩ ማንም አያውቅም። ይህን ቦታ በገዛ ዓይኔ ለማየት ነበር።

ምዕራፍ አሥራ ስምንት ይከለክላል። ሃያም ይከለክላል፤ ሞት ይፈርዳል። የተጻፈውን አልተጻፈም አልልም። በሁለቱ መካከል ግን አሥራ ዘጠኝ አለ፤ ወሬ እያመላለሱ መዞርን ይከለክላል። ይህንን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም። ወይስ የሚመቸኝን እየፈለግኩ ይሆን?

ወንድሜ ሙሉ። ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰው ተኝተው አየኋቸው። ያየሁት ጋቢ ነው፤ ለባሌ የነገርኩት ግን ሌላ ነው። ባሌ ሰዎች ይዞ ሄዶ ደበደቡት። ሙሉ በአፋር በኩል ወረደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። ሰው ሲጠይቀኝ ለሥራ ሄደ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ በቤቴ ኃጢአት አለ።»

«ማን ሠራው?»

«ተከራዬ።»

«ታዲያ ንስሐ ግቢልኝ ብሎ ላከሽ?»

አፈርኩ። «አይ፣ ስንዱ ነገረችኝ።»

በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወለተ ሚካኤል፣ የሰው ንስሐ ተሸክመሽ መጥተሽ እኔ ምን ላድርግልሽ? የራስሽን አምጪ።»

መጽሐፉ ይኮንነዋል ወይ አልኳቸው። ይኮንነዋል አሉ፤ አላመነቱም። ኃጢአትስ ምንድን ነው አልኳቸው። ትእዛዙን መተላለፍ ነው፤ በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ ይሠራል አሉኝ። «በቃል» ሲሉ ዓይናቸውን ከእኔ ያልነቀሉ መሰለኝ። ስንዱ ነግራቸው ይሆን? በሙሉ ላይ መዋሸቴን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ተናገርኩ። ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩትን። ስግደት ሰጡኝ፤ ቀጥለውም፣ «የዋሸሻቸው ሰዎች በሕይወት ካሉ እውነቱን ንገሪያቸው» አሉኝ። ከስግደቱ ይኼ ከበደኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጠዋት መምህሩ ሻንጣውን ዘግቶ ወጣ። «እማማ፣ ሰምቻለሁ። በእኔ ምክንያት አይቸገሩ» አለኝ።

«መሄጃ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ግባ።»

ሌላ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሌላ አልነገረኝም።

ከማኅበርተኛው ግማሹ ቀረ። ስንዱ መጨረሻ ላይ መጣች፤ አልተቀመጠችም። ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ቆምኩ።

«ስንዱ ያለችውን አላየሁም። ያላየሁትን አንድ ጊዜ ተናግሬ ወንድሜን አጥቻለሁ።»

ሽማግሌዋ እትዬ በላይነሽ ቀና አሉ። «ሙሉን? ለሥራ ሄደ ብለሽን አልነበር?»

«ዋሽቻችሁ ነበር።»

ጽዋውን አንስቼ ለስንዱ ዘረጋሁ። የቆየች መሰለኝ፤ እጄ ዛለ። ተቀበለች።

«የሚካኤልን ነው የምቀበለው፤ ያንቺን እንዳይመስልሽ» አለችና ወጣች።

መምህሩ ሻንጣውን አልፈታም፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይታየኛል። ትርፍ ፍራሽ ልስጠው ብዬ አወጣሁና መልሼ አስገባሁት። ለማን ዓይን ብዬ?

ነገ ቅዳሜ ነው። የሮቢቱ ልጅ ከባጃጅ ሲወርድ ደጅ ወጥቼ ራሴ አስገባዋለሁ። ስንዱ አጥሩ ላይ ካለች፣ እሷንም ደህና ዋልሽ እላታለሁ። ጽዋውን ተቀበለች እንጂ ለፖሊስ አልናገርም አላለችም።