ሬሳው ያልታየው መካኒክ

ሰኞ፣ የካቲት 1፣ 1985 (እዚህ አገር 93 ነው ይላሉ)። ከቀኑ 10 ሰዓት

እግሬ የሳሙና ውሃ ውስጥ፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። ዛሬም ሥራ፣ ባርኔአ በሚባለው የአሽቀሎን ሰፈር። ግቬሬት (ወይዘሮ እንደማለት ነው) ሐናን አጠብኳት፣ አበላኋት፣ ጸጉሯን አበጠርኩላት። አሮጊቷ ስታንቀላፋ መጽሐፌን ገለጥኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩት፣ ደብተሬ! ሁለት መቶ ሰባ ገጽ፣ በዕብራይስጥ፣ ያለ አናባቢ ነጥብ! የኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ መምህሬ «ትርንጎ፣ አንቺ ከጋዜጣ ርዕስ አታልፊም» ያለችኝ አምና ነበር። ትምጣና ትየኝ።

መጻሕፍቱ የግቬሬት ሐና ልጅ ጎረምሳ ሳለ የገዛቸው ናቸው። ስድስት፣ አንድ ካርቶን ውስጥ። ድሮ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ ተከታታይ ፊልም አለ። «ሻሐር» የምትባል መርከብ ከዋክብት መሃል ትዞራለች። ፊልሙ በድንገት ተቋረጠ፤ ሌሎች ሰዎች ታሪኩን በመጽሐፍ ቀጠሉት። እኔ ፊልሙን አላየሁም። ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ የቀረበልኝን ነው የምበላው።

ግን አናደውኛል። በመጽ. 1 ንግሥት ትሞታለች፣ ከተማ ይቃጠላል፣ የመርከቧ ሐኪም በፍቅር ያብዳል። መጨረሻው ላይስ? ሁሉም እንደነበረ! ሐኪሙ ፍቅሩን ረሳ፣ መርከቧ ተጠገነች፣ ካፒቴኗ ያችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጽ. 2ም ያው። ቆይቶ ገባኝ። ጸሐፊዎቹ የሚደግሱት በተዋሱት ቤት ነው። ሲወጡ ወንበሩን ሁሉ በቦታው መልሰው፣ ወለሉን ጠርገው። አንድ ሰው አይጨመርም፣ አንድ ሰው አይጎድልም።

ውሃው በረደ። ነገ ለእማዬ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2። 11 ሰዓት

ነገርኳት። እንደ ወትሮው በአማርኛ፣ ከሥራ መልስ። እማዬ ምስር ትለቅማለች። ጋሼ ዘለቀ ከታችኛው ፎቅ ወጥተው በሩ አጠገብ ባለችው ወንበራቸው ላይ። የአገራችን ሰው ናቸው፣ በሱዳን በኩል ቀድመውን የገቡ። ከሁለት ዓመት በፊት እኛ በአውሮፕላን ስንመጣ የተቀበሉን፣ ይህን የግቫት ጺዮን ሰፈር ቤት ያገኙልን እሳቸው ናቸው። ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ «እሺ» ይላሉ፣ ይወርዳሉ። ሌላ ወሬ የላቸውም።

በመጽ. 2 ካፒቴኗ መንታ አላት፤ ከመስታወት ወዲያ ካለ ዓለም የመጣች፣ መልኳ አንድ፣ ልቧ ክፉ። እማዬ በየት በየት አወቀቻት! ክፉዋ ሁልጊዜ አሳምራ የምትለብሰዋ ናት አለች። ደግሞ አዲስ ልጅ መርከቧ ላይ ትመጣለች። ቆንጆ፤ ከሐኪሙ በላይ ሐኪም፣ ከካፒቴኗ በላይ ካፒቴን፣ ሁሉም የሚወዷት። እማዬ እጇን አወናጨፈች፤ ይቺ አትከርምም አለች። እውነትም ገጽ 260 ላይ ሞተች። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ ሁሉን የምትችል ምራት የት አይተሽ ታውቂያለሽ ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም፣ ጋሼ ዘለቀም ሳቅን።

ከዚያ ስለ መካኒኩ ጠየቀችኝ። ኦሊንን ነው። በፊልሙ የመጨረሻ ቀን እሳቱ መሃል ቀርቶ፣ ጓደኞቹን አስወጥቶ፣ በሩን ከውስጥ የዘጋው። ሞቷል አልኳት። ሬሳውን ማን አየ አለች። ማንም። «ታዲያ ሞተ ያለሽ ማነው?»

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ወንድሜ ታደሰ በ76 በሱዳን በኩል ሊወጣ ከቤት ሄደ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር በጆሮው ብቻ አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቅ ልጅ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። መርዶ ያመጣ ሰው የለም። መርዶ ካልመጣ አይለቀስም፤ እማዬም አላለቀሰችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዛሬ ነገ እያለች።

ጋሼ ዘለቀ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወረዱ።

እሑድ፣ የካቲት 7። 9 ሰዓት ተኩል

መጽ. 3! ሽፋኑ ላይ ማን ብቅ አለ? ኦሊን! አውቶቡሱ ውስጥ «እልል» ልል ስል አንዱ ወታደር ዞሮ አየኝ። አልሞተም! ማን እንደሆነ ረስቶ፣ ሩቅ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ የሰው ሞተር ሲጠግን ያገኙታል። መርሳት የነዚህ ጸሐፊዎች ጨው ነው፣ የማይገባበት ወጥ የለም። ይህን እያወቅኩ አለቀስኩ። ምን ይባላል?

የመጽ. 5ንም ጀርባ ሰርቄ አነበብኩ። አባቷ ሳያያት የተወለደች ሴት ልጅ ከየት መጣች ሳትባል ዱብ ትላለች። ኤጭ! ደራሲ ሲደክመው ልጅ ይወልዳል። ይህንንስ ለእማዬ አልነግራትም፣ መሳቂያ ታደርገኛለች።

ደረጃው ላይ ጋሼ ዘለቀ። ሽፋኑን አዩና ይህ ማነው አሉ። መካኒኩ ነው፣ ተመለሰ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ይህን ዝለይው፣ ወደ አራተኛው እለፊ አሉኝ። ለምን? ለእናትሽ ደም ግፊት ጥሩ አይደለም፣ የማይሆን ተስፋ አትስጫት አሉ። ተናደድኩ። ወረቀት እኮ ነው ጋሼ፣ አልኳቸው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለውኝ ወረዱ።

ሞኟ እኔ ነኝ ወይስ እማዬ? ደግሞ እሳቸው ምን አገባቸው!

ማክሰኞ፣ የካቲት 9። 11 ሰዓት

ትናንት ነገርኳት። ሙሉውን፣ ምንም ሳላስቀር። ጋሼ ዘለቀ አልመጡም፣ ወንበራቸው ባዶ። እማዬ ምስሩን ተወችው። ካፒቴኗ «ኦሊን» ብላ ስትጣራ፣ እሱም ስሙን ሰምቶ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ዓመት ነበር የጠፋው? ሦስት አልኳት። ሦስት ዓመት ምን አላት፣ አለች።

ዛሬ ስመለስ የታደሰ ጋቢ ሰገነቱ ላይ ተሰጥቷል። አውሮፕላኑ ላይ ዕቃ አትያዙ ሲሉን ደርባ ለብሳው የገባችው ጋቢ። ላናፍሰው ብዬ ነው አለች። ከዚያ ወረቀት አምጪ አለችኝ። ለአማርኛው ራዲዮ ጻፊልኝ፣ የጠፋ ሰው ይጠይቁ የለ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ። ቃል በቃል አስጻፈችኝ። ፊቷ ላይ ደም መጥቷል፣ አሥር ዓመት የቀነሰች መስላለች።

እኔ ግን ምን አደረግኩ? መጽሐፉን የጻፈው ሰው እኮ የሚሸጥ ነገር ፈልጎ ነው። ታደሰን አያውቀውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 11። 10 ሰዓት

በአጭሩ ልጻፍ።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ከማድረሴ በፊት ጋሼ ዘለቀ ዘንድ ወረድኩ። ለምን እንደቀሩ ልጠይቅ። ደብዳቤውን አሳየኋቸው። አላነበቡትም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩኝ።

ለካ አብረው ነው የተጓዙት፤ እማዬ ስትጠይቃቸው ግን «ሱዳን ሰፊ ነው» እያሉ ያልፏት ነበር። ታደሰ ሱዳን ደርሷል። ካምፑ ውስጥ ወራት ኖሯል። አንዲት የትግራይ ልጅ አግብቷል፣ ለተብርሃን ትባላለች። ከዚያ ወባ። ሦስት ቀን። ጋሼ ዘለቀ በእጃቸው ቀበሩት። ለተብርሃን ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ወለደች። ሲጋል ትባላለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኪርያት ጋት ከተማ ነው። ኪርያት ጋት፣ ደብተሬ! ከዚህ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ!

ጮኽኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ወግ ነው አሉኝ። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ በማለዳ ነው። በመጣን ሰሞን ደክማለች፣ ትረፍ ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ከዚያ ደም ግፊቷ ተነሣ። ከዚያ ቤት እስክታገኝ። ለተብርሃንም ሽማግሌዎቹ ይንገሩልኝ ብላ ትጠብቃለች፤ መርዶ ያልተረዳች እናት ደጅ እንዴት ትምጣ? መርዶ ባደረ ቁጥር ይከብዳል፣ ሁለት ዓመት ሲያድርማ ማን ያነሣዋል አሉና አለቀሱ። ሽማግሌ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ለወንድሜ አለቀስኩ።

በመጽ. 4፣ ፊልሙ ውስጥ በር ላይ ቆሞ «እሺ» ብቻ ይል ለነበረው ዘበኛ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥተውታል። ለካ ምስጢሩን ሁሉ የያዘው እሱ ኖሯል። አንብቤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስንት ቀን ነው ጋሼ ዘለቀን በዚያች ወንበር ላይ ሻይ ያቀበልኳቸው!

ዓርብ፣ የካቲት 12። ሰንበት ሳይገባ

እማዬ ደብዳቤው ሄደ ወይ አለች። ሄደ አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ዞሬ ድስት ፈተግኩ።

ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች። ይመጣል ብዬ ብቻ አይምሰልሽ አለች። እኔ ቁርጤን ልወቅ ነው። እንዲሁ መኖርማ እንደነዚያ መጽሐፎችሽ ነው፤ ወንበር አይነቃነቅ፣ ጸጉር አይሸብት፣ ሁሉ ባለበት። የኔ ግን ሸብቷል። ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ እግሩን እስመዋለሁ፣ ምንም ይዞ ይምጣ።

ምንም ይዞ ይምጣ። ይህን ለጋሼ ዘለቀ ሄጄ ነገርኳቸው። እሑድ ኪርያት ጋት እንሂድ አሉኝ።

እሑድ፣ የካቲት 14። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሄድን። ለተብርሃን በሩን ከፍታ ጋሼ ዘለቀን ስታይ፣ እኔን ስታይ፣ ገባት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ የኔ ትግርኛ ጭራሽ የለም፤ በዕብራይስጥ ተላቀስን። ሌላ ባል አላት፣ ዝምተኛ ደግ ሰው። ሁለት ትንንሽ ወንዶች።

ሲጋል ጠረጴዛው ላይ አንድ የተሰበረ ቴፕ ብሎኑን ሁሉ ፈትታ ዘርግታዋለች። ይህን መጽሐፍ ላይ ባገኘው «አበዛችሁት» ብዬ ገጹን እገልጠው ነበር። ጆሮዋ እንደ ታደሰ ወጣ ወጣ ያለ ነው። አባቷ መሞቱን ታውቃለች። አሽቀሎን ላይ ሳቭታ፣ አያት፣ እንዳለቻት አታውቅም ነበር። ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ትቆጣለች ወይ ብላ ነው። ኧረ በፍጹም አልኳት፣ ትስቃለች እንጂ። መጀመሪያ ማልቀሷ እንደማይቀር ግን አልነገርኳትም።

ቀኑ ተቆረጠ፣ ማክሰኞ ማለዳ። አጎቶቼ ከቤርሼቫ ይመጣሉ፣ ቄሳችንም። እኔ፣ ሲጋል በዚያው ዕለት ትግባ አልኩ። ጋሼ ዘለቀ አይሆንም አሉ። ሐዘን መጀመሪያ ራሱን ችሎ ይውጣ፤ ልጅቷ ከሰባቱ ቀን በኋላ ትምጣ። ወግ ነው። ሁለት ዓመት ያስጠበቀን ወግ ነው ወይ ጋሼ፣ አልኳቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ለተብርሃን ምንም ሳትናገር ተነሥታ የልጅቷን ቀሚስ መተኮስ ጀመረች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጋሼ ዘለቀ፣ ልጅቷ እኔ ቤት ትጠብቅ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላየሁም አሉ። እጃቸውን ልስም ነበር፣ ነጠቁኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16። ማለዳ፣ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ጋሼ ዘለቀ ቤት

ለእማዬ ዛሬ ባርኔአ በጊዜ ነው የምገባው ብዬ ወጣሁ። ይህ የመጨረሻው ውሸቴ ይሁን። ከመውጣቴ በፊት ከመኝታ ቤት አንድ ወንበር አምጥቼ ጠረጴዛው አጠገብ ጨመርኩ። ለማን ነው አለች። ለሰው አልኳት።

ሽማግሌዎቹ አሁን ወጡ። አንድ ፎቅ ብቻ ነው፣ ግን ኮቴያቸው አያልቅም። ጋሼ ዘለቀ መጨረሻ ቀሩ። በሩ ላይ ዞረው ልጅቷን አዩና «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወጡ።

ለተብርሃን መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ ትናንት ማታ ከልጅቷ ጋር መጥታ እዚሁ አድረዋል። ሲጋል አልጋው ላይ፣ መጽ. 5 ጭኗ ላይ። ስታነብ ከኔ አሥር እጅ ትፈጥናለች። ያቺ አባቷ ያላያት ልጅ መጨረሻዋ ምን ይሆናል፣ መርከቧ ላይ ያስቀሯታል ወይ አለችኝ። አልደረስኩበትም አልኳት። ደርሼበታለሁ። በመጨረሻው ገጽ በሌላ መርከብ ያሳፍሯትና ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ምን ያድርጉ፣ የተዋሱት ቤት ነው። የኛ ግን የኛ ነው። ማንም ወንበሩን መልሱ አይለንም።

ላይ ቤት ኮቴው ቆመ። ተቀምጠው ይሆናል። ቄሱ ጀምረው ይሆናል።

ጮኸች።

እማዬ ናት። «ታደሰ» አለች፣ ደገመች፣ ደገመች። ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን። እግዚኦ። አለቀሰች፣ ደብተሬ፣ በቃ አለቀሰች። ያሰብኩት ትንሽ ልቆይ ነበር፣ እስክትረጋጋ፣ ውሃ እስኪያጠጧት። ሲጋል መጽሐፉን ዘጋች። ሳቭታ ናት? አዎ አልኳት። ብቻዋን ናት? ሰው አለ አልኩ። የሷ ሰው ነው? አለች።

ጫማዋን ሳታስር ተነሥታለች። እጄን ትጎትታለች፣ የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። አይጠበቅም። አሁን እንገባለን፣ ሽማግሌ ቢቆጣ ይቆጣ። ዘር ከልጓም ይስባል። ቆይ አልኳት፣ ደብተሬን ላስቀምጥ። አልቆየችም። በሩን ከፍታዋለች፣ ደረጃው ላይ ናት፣ እኔም